ወደ ጎን ለሚሄድ ጌም ካሜራ እንዴት ይጻፋል?

ወደ ጎን የሚሄድ ጌም ሲሠራ ካሜራው ብዙ ጊዜ የሚታሰበው መጨረሻ ላይ ነው። ገጸ ባሕሪው መሮጥና መዝለል ከቻለ በኋላ አንድ መስመር ኮድ ይጻፍና ካሜራው እላዩ ላይ ይለጠፋል። ጌሙ ይሠራል። ግን የሆነ ነገር ይጎረብጣል። ተጫዋቹ ከፊቱ ያለውን ጉድጓድ የሚያየው ከገባበት በኋላ ነው። በዘለለ ቁጥር ዓለሙ በሙሉ አብሮት ይዘላል። ትንሽ ሲቆይ ዓይኑ ይደክማል። ምን ችግር አለ ሲባል ግን ካሜራውን አይጠራም፤ "መቆጣጠሪያው ያስቸግራል" ነው የሚለው።

ጥሩ ካሜራ ተጫዋቹ ቀጥሎ የሚወስንበትን ነገር በጊዜ ያሳየዋል። ገጸ ባሕሪው መሃል ላይ መቀመጡ ሁለተኛ ነገር ነው። ከዚህ በታች ያለውን ደረጃ ሁሉ የምመዝነው በዚህ ነው። አንዳንዱ ዘዴ ካሜራውን ለዓይን ያሳምረዋል፣ በጎን ግን ከፊት የሚታየውን ቦታ ይቀንሳል። የተቀነሰውን እየቆጠርን እንሄዳለን።

ኮዱን በአማርኛ ቃላት ጽፌዋለሁ። ከጌም መሥሪያ ፕሮግራሞች ጎዶትም ሆነ ዩኒቲ፣ ከኮድ ቋንቋዎች ጃቫስክሪፕትም ሆነ ፓይተን ብትጠቀሙ ሒሳቡ አንድ ነው። ለምሳሌው ስክሪናችን 480 በ270 ፒክሰል፣ ሌቭላችን 3200 ፒክሰል ስፋት ያለው ይሁን። ኤክስ ወደ ቀኝ፣ ዋይ ወደ ታች ይጨምራል። ዩኒቲ ላይ ዋይ የሚጨምረው ወደ ላይ ስለሆነ እዚያ የዋይን ምልክት ገልብጡት።

ደረጃ 1፦ ካሜራውን እንደ ሁለት ቁጥር ያዙት

ካሜራ ማለት ስክሪኑ መሃል ላይ የዓለሙ የትኛው ነጥብ እንደሚቀመጥ የሚናገሩ ሁለት ቁጥሮች ናቸው። ማንኛውም ነገር ሲሳል እንዲህ ይሰላል፦

```
ስክሪን.ኤክስ = ዓለም.ኤክስ − ካሜራ.ኤክስ + 240
ስክሪን.ዋይ = ዓለም.ዋይ − ካሜራ.ዋይ + 135
```

240 እና 135 የስክሪኑ ግማሽ ናቸው። ገጸ ባሕሪው 1000 ላይ ቆሞ ካሜራውም 1000 ላይ ከሆነ ስክሪኑ ላይ 240 ላይ፣ ማለትም መሃል ላይ ይሳላል። ይህ ስሌት የሚሳልበት ፈንክሽን ውስጥ ብቻ ይቀመጥ። ጠላቶች፣ ጥይቶችና ግጭት የሚፈትሸው ኮድ ስለ ካሜራው ምንም ማወቅ የለባቸውም። ካወቁ፣ ኋላ ካሜራው ላይ የምትነኩት ነገር ሁሉ ጌሙን ይረብሸዋል።

ደረጃ 2፦ ኢላማውን ከካሜራው ለዩት

ሁለት ነገር ያዙ። አንዱ ኢላማ ነው፤ ካሜራው መሆን የሚፈልግበት ቦታ። ሌላው ካሜራ ነው፤ አሁን ያለበት ቦታ። በእያንዳንዱ ፍሬም፣ ማለትም ስክሪኑ እንደገና በተሳለ ቁጥር፣ በቅድሚያ ኢላማው ይሰላል፣ ከዚያ ካሜራው ወደ እሱ ይጠጋል። "የት ይሂድ?" እና "እንዴት ይሂድ?" የሚሉት ሁለት ጥያቄዎች አንድ መስመር ውስጥ ከተቀላቀሉ አንዱን ሳታበላሹ ሌላውን ማስተካከል አትችሉም። ከዚህ በኋላ የሚመጣው ሁሉ የሚቆመው በዚህ ላይ ነው።

ደረጃ 3፦ ትንሽ ነፃ ሳጥን ስጡት

ተጫዋቹ አንድ እርምጃ ወደ ቀኝ፣ አንድ እርምጃ ወደ ግራ እያለ ቦታ ሲያስተካክል ስክሪኑ በሙሉ ከተንቀሳቀሰ ያደክማል። ስለዚህ ገጸ ባሕሪውን ካሜራውን ሳያንቀሳቅስ ወዲያ ወዲህ ሊልበት የሚችል ጠባብ ሳጥን ውስጥ እናስገባዋለን። የሳጥኑን ጠርዝ ሲገፋ ብቻ ሳጥኑ አብሮት ይሄዳል።

```
ልዩነት = ገጸ_ባሕሪ.ኤክስ − ሳጥን.ኤክስ
ልዩነት > 12 ከሆነ፦   ሳጥን.ኤክስ += ልዩነት − 12
ልዩነት < −12 ከሆነ፦  ሳጥን.ኤክስ += ልዩነት + 12
ኢላማ.ኤክስ = ሳጥን.ኤክስ
```

ሳጥኑን አታስፉት። እ.ኤ.አ. በ1991 በሴጋ ጄነሲስ የጌም ማሽን የወጣው የመጀመሪያው የሶኒክ ጌም 320 ፒክሰል ስፋት ባለው ስክሪን ላይ ገጸ ባሕሪውን የሚይዘው ከግራ 144ኛው እና 160ኛው ፒክሰል መካከል ነው። ሳጥኑ 16 ፒክሰል ብቻ ነው ማለት ነው፤ ያውም እንደዚያ ለሚፈጥን ጌም። ምክንያቱ ቀላል ነው። ወደ ቀኝ የሚሮጥ ገጸ ባሕሪ ሁልጊዜ የሳጥኑ ቀኝ ጠርዝ ላይ ተለጥፎ ነው የሚሄደው። በእኛ ኮድ ከመሃል 12 ፒክሰል ወደፊት ይቀመጣል። ከፊቱ ከሚታየው ቦታ 12 ፒክሰል ሄደ። ይህችን ቁጥር ያዙልኝ።

ደረጃ 4፦ አካሄዱን አለስልሱት፣ ግን በጊዜ ለኩት

ካሜራው ኢላማው ላይ ዘሎ እንዳይወጣ በየፍሬሙ የቀረውን ርቀት የተወሰነ ድርሻ እንዲጓዝ ይደረጋል። በየማስተማሪያው የምታገኙት መስመር ይሄ ነው፦

```
ካሜራ.ኤክስ += (ኢላማ.ኤክስ − ካሜራ.ኤክስ) × 0.1
```

ያምራል፣ አጭር ነው፣ ግን ችግር አለበት። ካሜራው ከኢላማው 100 ፒክሰል ርቆ ቢጀምር ከ0.1 ሰከንድ በኋላ ስንት ይቀረዋል? በሰከንድ 60 ፍሬም በሚስል ማሽን 6 ፍሬም አልፏል፤ 53 ፒክሰል ይቀረዋል። በ30 ፍሬም 3 ጊዜ ብቻ ነው የተሰላው፤ 73 ይቀረዋል። በ144 ፍሬም ደግሞ 22 ገደማ ብቻ። አንድ ጌም፣ ሦስት ዓይነት ካሜራ። በእናንተ ኮምፒውተር ላይ እንደ ቅቤ የሚንሸራተተው ደካማ ማሽን ላይ ሲጎተት ይታያል፣ ፈጣን ስክሪን ላይ ደግሞ ለስላሳነቱ ይጠፋል።

መፍትሔው ድርሻውን ከጊዜ ማስላት ነው። "በየፍሬሙ አንድ አሥረኛ" ከማለት "ክፍተቱ በዚህን ያህል ሰከንድ በግማሽ ይቀንስ" እንበል፦

```
ድርሻ = 1 − 2 ^ (−ዴልታ / ግማሽ_ጊዜ)
ካሜራ.ኤክስ += (ኢላማ.ኤክስ − ካሜራ.ኤክስ) × ድርሻ
```

ዴልታ ካለፈው ፍሬም ወዲህ ያለፈው ሰከንድ ነው፤ የ^ ምልክት ደግሞ እዚህ ኃይል (ፓወር) ማለት ነው። ግማሽ_ጊዜን 0.11 ብታደርጉት በ60 ፍሬም ላይ ከድሮው 0.1 ጋር አንድ ዓይነት ስሜት ይሰጣል፣ በሌሎቹም ማሽኖች ላይ ያንኑ። ሌላም ጥቅም አለው፤ ቁጥሩ ትርጉም አለው። "ካሜራው ትንሽ ይፍጠን" ሲባል ከ0.11 ወደ 0.08 ዝቅ ታደርጉታላችሁ፣ ምን እየለወጣችሁ እንደሆነም ታውቃላችሁ።

አሁን ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር። የሚሸሽን ኢላማ በዚህ መንገድ የሚከተል ካሜራ መቼም አይደርስበትም። ገጸ ባሕሪው በሰከንድ 180 ፒክሰል ይሮጣል እንበል፤ በፍሬም 3 ፒክሰል መሆኑ ነው። በ0.1 ድርሻ ሲከተለው ካሜራው 27 ፒክሰል ኋላ ቀርቶ እዚያው ይረጋል። ገጸ ባሕሪው 27 ፒክሰል ወደፊት ተገፋ። በሳጥኑ 12 ላይ ሲደመር 39 ሆነ። ገጸ ባሕሪው መሃል ላይ ቆሞ ሳለ ተጫዋቹ ከፊቱ 240 ፒክሰል ያያል፤ ሲሮጥ፣ ማለትም ይበልጥ ማየት ሲያስፈልገው፣ 201 ብቻ። ካሜራውን ለማሳመር ያደረግነው ሁሉ ተጫዋቹን ጎድቶታል።

ደረጃ 5፦ ወደፊት እንዲመለከት አድርጉት

ይህን የሚክሰው ኢላማውን ገጸ ባሕሪው ወደሚሄድበት አቅጣጫ ማስቀደም ነው። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው ዲፌንደር የተባለው የአርኬድ ጌም መንኮራኩሩ ወደ ቀኝ ሲዞር ወደ ስክሪኑ ግራ፣ ወደ ግራ ሲዞር ወደ ቀኝ ያስቀምጠው ነበር። አፍንጫው ፊት ሰፊ ሜዳ እንዲኖር ነው።

ስንት ፒክሰል እናስቀድም? 40 ብንል የጠፋውን 39 መመለስ ብቻ ነው፤ ገጸ ባሕሪው ሲሮጥ ወደ መሃል ይመለሳል፣ ምንም አላተረፍንም። 80 እናድርገው። ያኔ በሩጫ ጊዜ ከመሃል 41 ፒክሰል ኋላ ይሆንና ከፊቱ 281 ፒክሰል ያያል።

```
ገጸ_ባሕሪው በአዲስ አቅጣጫ 24 ፒክሰል ከሄደ፦  አቅጣጫ = አዲሱ
የፊት_ርቀት = አጠጋ(የፊት_ርቀት, አቅጣጫ × 80, 120 × ዴልታ)
ኢላማ.ኤክስ = ሳጥን.ኤክስ + የፊት_ርቀት
```

"አጠጋ" የመጀመሪያውን ቁጥር ወደ ሁለተኛው ያቀርበዋል፣ ግን በአንድ ጊዜ ከሦስተኛው በላይ አያንቀሳቅሰውም። አቅጣጫ ለቀኝ 1፣ ለግራ −1 ነው።

24 ፒክሰሏን መጠበቅ የግድ ነው። አዝራር በተነካ ቁጥር አቅጣጫው ወዲያው ከተገለበጠ፣ ጠላት ለመምታት ለአፍታ ዞር ያለ ተጫዋች ስክሪኑ 160 ፒክሰል ሲወረወርበት ያያል። የ120 ገደብም እንዲሁ። ከአንድ ጫፍ ወደ ሌላው ለመድረስ ከአንድ ሰከንድ ትንሽ በላይ ይፈጃል። ይቺ ፍጥነት በሩጫው ላይ ትደመራለች፤ በሰከንድ 180 የሚሮጥ ገጸ ባሕሪ ሲዞር ካሜራው ለአፍታ ወደ 300 ይጠጋል። ከዚያ በላይ ስታፋጥኑት ነው ማቅለሽለሽ የሚጀምረው።

ደረጃ 6፦ ዝላዩን አትከተሉ

በዋይ በኩል ሕጉ ሌላ ነው። አግድም የሚደረገው እንቅስቃሴ ጉዞ ነው፤ ዝላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ ወደ ተነሱበት ይመለሳል። ካሜራው ዝላዩን ከተከተለ መሬቱ ስክሪኑ ላይ ይወርድና ይወጣል፣ ተጫዋቹም የሚያርፍበትን ቦታ መገመት ያቅተዋል። ስለዚህ ካሜራው ገጸ ባሕሪው በመጨረሻ የረገጠውን መሬት ይከተል፦

```
መሬት ላይ ከሆነ፦                        መሬት_ዋይ = ገጸ_ባሕሪ.ዋይ
ወይም ገጸ_ባሕሪ.ዋይ > መሬት_ዋይ ከሆነ፦   መሬት_ዋይ = ገጸ_ባሕሪ.ዋይ
ኢላማ.ዋይ = ትንሹ(መሬት_ዋይ − 40, ገጸ_ባሕሪ.ዋይ + 95)
```

ሁለተኛው መስመር ለውድቀት ነው። ከረገጠው መሬት በታች ከወረደ እየወደቀ ነው ማለት ነው፤ ካሜራው ማረፊያውን ሳይጠብቅ ይከተለው። ሦስተኛው መስመር ሁለት ነገር በአንዴ ይሠራል። 40ው ገጸ ባሕሪውን ከመሃል ዝቅ አድርጎ ከላይ 175ኛው ፒክሰል ላይ ያቆመዋል፤ ከላይ ያሉት መድረኮች በደንብ ይታያሉ። 95ቱ ደግሞ ስፕሪንግ ረግጦ ከፍ ብሎ ለተወረወረ ገጸ ባሕሪ ነው። ከስክሪኑ አናት 40 ፒክሰል እስኪቀረው ካሜራው አይነቃነቅም፤ ከዚያ በላይ ሲወጣ አብሮት ይወጣል። ሁለቱ ሲገናኙ ልዩነቱ ዜሮ ስለሆነ መንገጫገጭ የለም።

ውድቀት ላይ ማለስለሱን አሳጥሩት። በሰከንድ 400 ፒክሰል የሚወድቅ ገጸ ባሕሪ በ0.11 ግማሽ_ጊዜ ካሜራውን በ60 ፒክሰል ገደማ ይቀድመዋል። 175 ላይ የነበረው 235 ላይ ይደርሳል፤ ከበታቹ የሚታየው 35 ፒክሰል ብቻ። እሾህ ላይ እየወደቀ ይሁን ሜዳ ላይ አያውቅም። በዋይ ብቻ፣ በውድቀት ጊዜ ብቻ፣ ግማሽ_ጊዜን 0.05 አድርጉት። ክፍተቱ ወደ 26 ይወርዳል።

ደረጃ 7፦ ወሰን

ካሜራው ከሌቭሉ ውጭ ያለውን ባዶ እንዳያሳይ መሃሉ ከ240 በታች፣ ከ2960 በላይ መሆን የለበትም። 2960 ማለት 3200 ሲቀነስ 240 ነው። የምትወስኑት ኢላማውን ይሁን፣ ያውም ከማለስለሱ በፊት፦

```
ኢላማ.ኤክስ = ወስን(ኢላማ.ኤክስ, 240, 2960)
```

እንዲህ ሲሆን ካሜራው ጠርዙ ጋር ሲደርስ ቀስ ብሎ ይቆማል። ካሜራውን ብቻ ብትወስኑ ግን ግድግዳ እንደመታ ድንገት ቀጥ ይላል። ሌቭሉ ከስክሪኑ ከጠበበ ሁለቱ ወሰኖች ይተላለፋሉ፤ ያንን አስቀድማችሁ ፈትሹና ካሜራውን የሌቭሉ መሃል ላይ አቁሙት። ወሰኖቹ ቋሚ መሆን የለባቸውም። ገጸ ባሕሪው ዋናው ጠላት (ቦስ) ያለበት ክፍል ውስጥ ሲገባ ወሰኑን ወደ ክፍሉ አጥብቡት፣ ማለስለሱ የቀረውን ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስም ስክሪኑ ወደ ኋላ አይመለስም፤ በእኛ ኮድ ቢሆን የግራ ወሰኑ ካሜራውን እየተከተለ ያድጋል ማለት ነው።

ደረጃ 8፦ ቅደም ተከተሉ

መጀመሪያ ገጸ ባሕሪው ይንቀሳቀስ፣ ከዚያ ካሜራው ይሰላ፣ ከዚያ ይሳል። ካሜራው ቀድሞ ከተሰላ ሁልጊዜ ባለፈው ፍሬም ቦታ ላይ ነው የሚሠራው፤ ገጸ ባሕሪው ይርገበገባል። ዩኒቲ ላይ የካሜራ ኮድ ሌት አፕዴት (ከሌሎቹ አፕዴቶች በኋላ የሚጠራ ፈንክሽን) ውስጥ የሚገባው ለዚህ ነው።

ይህን አድርጋችሁም ከተርገበገበ ፊዚክሱን፣ ማለትም እንቅስቃሴና ግጭት የሚያሰላውን ክፍል፣ ጠርጥሩ። የዩኒቲ ፊዚክስ ካልተነካ በሰከንድ 50 ጊዜ፣ የጎዶት 60 ጊዜ ነው የሚሰላው። ስክሪኑ በ144 ሲስል ገጸ ባሕሪው በአንዳንዱ ፍሬም ይሄዳል፣ በአንዳንዱ ይቆማል፤ ካሜራው ግን በሁሉም ይንቀሳቀሳል። በሁለት የፊዚክስ ስሌቶች መካከል ያለውን ቦታ የሚሞላውን ኢንተርፖሌሽን አብሩና ካሜራው የሚከተለው የሚታየውን ቦታ ይሁን።

ደረጃ 9፦ ማጠጋጋትና ንዝረት

ጌማችሁ ፒክሰል አርት (ፒክሰሎቹ በግልጽ የሚታዩበት ሥዕል) ከሆነ ካሜራውን በክፍልፋይ ያዙት፣ የምታጠጋጉት ሲሳል ብቻ ይሁን። ማጠጋጋቱ ራሱ ቅደም ተከተል አለው። ገጸ ባሕሪው 100.6፣ ካሜራው 50.4 ላይ ናቸው እንበል። ልዩነታቸው 50.2 ነው። በሚቀጥለው ፍሬም 101.2 እና 51.0 ሆኑ፤ ልዩነቱ ያው 50.2። ሁለቱን ለየብቻ ካጠጋጋችሁ መጀመሪያ 101 ሲቀነስ 50፣ ማለትም 51 ይወጣል፤ ቀጥሎ 101 ሲቀነስ 51፣ ማለትም 50። ምንም ሳይለወጥ ገጸ ባሕሪው አንድ ፒክሰል ዘለለ። መጀመሪያ ቀንሱ፣ ከዚያ አጠጋጉ።

ንዝረት፣ ማለትም ፍንዳታ ሲኖር ስክሪኑን የሚያንቀጠቅጠው ነገር፣ የካሜራውን ትክክለኛ ቦታ ፈጽሞ መንካት የለበትም። ሲሳል ብቻ የሚደመር ነገር ነው፦

```
ንዝረት = ትልቁ(0, ንዝረት − 1.5 × ዴልታ)
ብርታት = ንዝረት × ንዝረት × 8
የሚሳልበት.ኤክስ = ካሜራ.ኤክስ + ዘፈቀደ(−1, 1) × ብርታት
```

ፍንዳታ ሲኖር ንዝረት ላይ 0.6 ደምሩ፣ ከ1 ግን አይለፍ። ቁጥሩ በራሱ ስለሚባዛ አንድ ፍንዳታ ቢበዛ 3 ፒክሰል ገደማ ያንቀጠቅጣል፣ ሁለት ተከታትለው ሲመጡ እስከ 8። ሴቲንግ ውስጥ ማጥፊያ አድርጉለት፤ የሚያዞራቸው ሰዎች አሉ።

ከኋላ ያሉ ተራሮችና ደመናዎች ቀስ ብለው እንዲሄዱ ከፈለጋችሁ፣ ሲሳሉ የሚቀነሰውን የካሜራ ቁጥር በ0 እና በ1 መካከል ባለ ቁጥር አባዙት። ለሩቅ ተራራ 0.2፣ ለቅርብ ዛፍ 0.7 ጥሩ መነሻ ነው።

ደረጃ 10፦ ፈትኑት

ካሜራን በዓይን ብቻ ማስተካከል ከባድ ነው። አንድ አዝራር ስትጫኑ ነፃ ሳጥኑ፣ ኢላማውና የመሬት_ዋይ መስመር በቀለም እንዲሳሉ አድርጉ። የሚጎረብጠው ነገር ኢላማው ላይ ነው ወይስ አካሄዱ ላይ? ኢላማው ራሱ ሲዘል ካያችሁ ማለስለሱን አትንኩ፤ ችግሩ ከደረጃ 3፣ 5፣ 6 ወይም 7 በአንዱ ውስጥ ነው። ኢላማው ጸጥ ብሎ ካሜራው ከተንቀጠቀጠ ደረጃ 4ን፣ 8ን ወይም 9ን ተመልከቱ።

ከዚያ ጌሙን በ30 ፍሬም ገድባችሁ ተጫወቱ፣ በ144ም ድገሙት። ገጸ ባሕሪው ሲሞትና ሌላ ቦታ ሲነሳ ምን እንደሚሆን እዩ። ካሜራው ሌቭሉን አቋርጦ ሲበር ካያችሁ፣ ገጸ ባሕሪውን የምታስነሱበት ፈንክሽን ውስጥ ይሄን ጨምሩ፦

```
ሳጥን.ኤክስ = ገጸ_ባሕሪ.ኤክስ
መሬት_ዋይ = ገጸ_ባሕሪ.ዋይ
የፊት_ርቀት = አቅጣጫ × 80
ኢላማን_አስላ()
ካሜራ = ኢላማ
```

በመጨረሻም ጌሙን አይቶት ለማያውቅ ሰው ስጡትና ከስክሪኑ ይልቅ እሱን ተመልከቱ። ጠርዙ ላይ ቆሞ ሳይዘል የሚያመነታ ከሆነ ማየት የሚፈልገው ነገር ገና ስክሪኑ ላይ አልገባም፤ የደረጃ 5ን 80 ወይም የደረጃ 6ን (መሬት_ዋይ ላይ የሚቀነሰውን) 40 ከፍ አድርጉና እንደገና ስጡት።